ደርቆ የሄደ፣ እርጥብ የቀረ፦ ፍራፍሬ በጅማ

የጅማና የአካባቢዋ የፍራፍሬ ታሪክ ሁለት መንገድ አለው። መድረቅ የሚችለው ፍሬ ሩቅ አገር ሄደ፤ መድረቅ የማይችለው ጓሮ ቀረ።

ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከሄዱት ወገን ናቸው። ሦስቱም በጫካ ጥላ የሚበቅሉ ሲሆኑ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ከደረቁ የወራት መንገድ ይችላሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴው ከጎረቤቷ ከሊሙ እናርያ የሰቃ ገበያና ከጅማ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ፣ ከዚያም ጎንደርና ምጽዋ ድረስ ይዘልቅ ነበር። በጋማ ከብት ጀርባ የሚጫነው ቡናና ቅመም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ሲሆን፣ ከጭነቱ ጎን ለባርነት የተሸጠ ሰው ይነዳ ነበር። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ ሂርማታ ሳይፈርስ ደመቀ፤ የዛሬዋ ጅማም የተስፋፋችው በዚያው ገበያ ዙሪያ ነው።

ከሦስቱ ለጓዳ ቅርቡ ኮረሪማ ነው። ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ቅርጹ አንገቱ የቀጠነ ጠርሙስ ይመስላል። ትኩሱን የሰነጠቀ ሰው ዘሮቹን የከበበ ነጭ፣ ጣፈጥ ያለ ሥጋ ያገኛል። ይህን የሚያውቁት ግን ለቃሚውና አብሮት ጫካ የገባው ልጅ ናቸው። ገበያ የሚደርሰው ተበስቶ በገመድ የተሰካው፣ የተጨማደደው ቡናማ ፍሬ ነው። ከዚያ ወደ በርበሬ፣ ወደ ንጥር ቅቤና ወደ ቡና ይገባል። ኔዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 የዛሬውን ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት እንኳ የዝርያው መጠሪያ የአገሬውን «ኮረሪማ» እንደያዘ ቀርቷል።

ቡናም ቢሆን መጀመሪያ የሚበላ ፍሬ ነው። በለቀማ ወቅት ልጆች ቀዩን እሸት አፋቸው ከትተው ጣፋጩን ሥጋ ይመጥጡና ዘሩን ይተፋሉ። በተለያዩ የኦሮሞ አካባቢዎች ደግሞ ቡና ቀላ የሚባል ሥርዓት አለ፦ ደረቁ ቡና ከነገለፈቱ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል። በኦሮምኛ «ቀላ» ማለት ማረድ ስለሆነ ፍሬው እንደ ሠንጋ ይቆጠራል።

የቡናው ጥላ ዛፎችና የጫካው ዳርም የየራሳቸው ምርት ነበራቸው። ዋንዛ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ፍሬ ይጥላል፤ ዶቅማ ምላስን ወይን ጠጅ ቀለም ያስይዛል፤ አጋምና እንጆሪ በየቁጥቋጦው አሉ። እነዚህ ግን የእረኛ ምሳ እንጂ የማዕድ ምግብ አልነበሩም። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ተቀምጦ ዋንዛ ሲበላ ቢታይ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከውጭ የመጡት የመጡበትን መንገድ በስማቸው ይዘዋል። ሙዝ ከዓረብኛው «መውዝ»፣ ጊሽጣ ክሬም ከሚለው «ቂሽጣ»፣ ብርቱካን ከ«ቡርቱቃል» ናቸው፤ የመጨረሻው ራሱ ፖርቱጋል የሚለው ስም ነው። ዘይቱና ይበልጥ ይገርማል፤ ዓረቡ ወይራን የሚጠራበት ቃል ከአሜሪካ በመጣ ፍሬ ላይ ዐርፏል። ሙዝ የጅማ ጓሮ ሲደርስ ዘመዱን እንሰትን አገኘ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንሰት ሙዝ እንዳልሆነ ተከራክሯል፤ የጅማ እናቶች ክርክሩን አይፈልጉትም። ከአንዱ ቆጮ ይፋቃል፣ ከሌላው ፍሬ ይቆረጣል፣ ዳቦ ለመጋገር ግን የሁለቱም ቅጠል ኮባ ነው።

ታሪኩ መልኩን የቀየረው በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ አደረጓት፤ የመኪና መንገድ ሲዘረጋም 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አዲስ አበባ እርጥብ ፍሬ ሳይበላሽ የሚደርስበት ቦታ ሆነ። የግብርና ጽሑፎች እንደሚሉት አቮካዶ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት የግል አትክልተኞች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1967 ከከተማዋ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የምርምር ጣቢያ ቆመ። ጣቢያው በቡና ይታወቃል፤ የአቮካዶ ዓይነቶችን ሰብስቦ ሲያወዳድር የኖረው ግን ያው መልኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገር ሲገባ፣ በ1989 ደግሞ የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ፈርሶ ዋጋ ሲወድቅ፣ ጓሮው ውስጥ ሌላ ፍሬ የነበረው ገበሬ ቢያንስ የሚሸጠው አላጣም።

አቮካዶ የጅማን ማዕድ የያዘው ያለ ብዙ ወግ ነው። ዳቦ ላይ ይቀባል፣ ሎሚና ቃሪያ ይገባበታል። ለጾመኛው ክርስቲያን ቅቤና እርጎ በሌለበት ወዝ ይሆነዋል፤ በረመዳን ደግሞ ከሳምቡሳው ጎን ጭማቂው ለማፍጠሪያ ይቀርባል። ጁስ ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ስፕሪስ ነው። ከታች አረንጓዴው አቮካዶ፣ ከላዩ ፓፓያ፣ ከዚያ ማንጎ ሳይቀላቀሉ ይደረደራሉ፤ በላዩ ሎሚ ይጨመቃል፣ አንዳንዱም ቪምቶ ያፈስበታል። ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ይበላል። ሻይና ቡና የተገናኙበት ብርጭቆም ስፕሪስ ይባላል፤ ጅማ ላይ ቡና በሻይ መቀላቀሉን የማይወዱ ግን አይጠፉም።

አሁን የሚሰራጨው የአቮካዶ ችግኝ ከተመረጡ ዓይነቶች ተወስዶ በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ሃስ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት የተሰጠው ዓይነት ነው። የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ቆዳው ወፍራም ሆኖ መርከብ ላይ መቆየት መቻሉ ነው፤ እርጥቡም ፍሬ እንግዲህ ሩቅ አገር መሄድ ጀምሯል። የጓሮው አቮካዶ ግን ከዘር የበቀለ ስለሆነ እያንዳንዱ ዛፍ የየራሱን ዓይነት ያፈራል፤ አንዱ አንገተ ረጅም፣ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ቆዳው በጥፍር የሚላጥ። ጉልት ላይ በመደብ በመደብ ተከምሮ የሚሸጠው ይኸው ነው። ሻጯ «ለዛሬ ነው ለነገ?» ትልና፣ መልሱን ሰምታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ትመርጣለች።