የአፍሪካ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የጋራ የድህረ ምረቃ ሥልጠናና ለመግቢያው የሚያስፈልገው ዝግጅት

መቀመጫውን በኬንያ ርዕሰ ከተማ ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኮንሶርቲየም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ዓላማውም ከሰሃራ በስተደቡብ በሚገኙ አገሮች ራሱን የቻለና ጥራት ያለው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ምርምር የማካሄድ አቅም መገንባት ነው። ኮንሶርቲየሙ ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ወጣት የምጣኔ ሀብት ምሩቃንን በጋራ የሚያሠለጥንበት የማስተርስ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሯል። በመርሐ ግብሩ ከተሳተፉት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል።

የመርሐ ግብሩን አስፈላጊነት ለመረዳት ወደ 1980ዎቹ መለስ ማለት ይገባል። በዚያን ጊዜ በርካታ የአፍሪካ መንግሥታት ከዓለም ባንክና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ይደራደሩ ነበር። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሞዴል ሠርተው፣ አኃዝ አስልተው የመጡ ባለሙያዎች ሲቀመጡ፣ ወዲህ በኩል ግን የቀረበውን ስሌት የሚመረምርና አማራጭ የሚያቀርብ ባለሙያ ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አውሮፓና አሜሪካ ከተላኩት መካከል ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። በአገር ውስጥ ያሉት የትምህርት ክፍሎችም ደመወዝ እየተመናመነ በመሄዱ መምህራኖቻቸውን ማቆየት ተስኗቸው ነበር። የሌላውን ስሌት መመርመር የማይችል ተደራዳሪ ከመፈረም ሌላ ምርጫ እንደማይኖረው ጉዳዩን በቅርብ ለሚያውቁ የፋይናንስ ባለሥልጣናት የተሰወረ አይደለም።

ለችግሩ የተፈለገው መፍትሔ ዩኒቨርሲቲዎች ያላቸውን ጥቂት መምህራንና ሀብት በጋራ እንዲጠቀሙ ማድረግ ነው። በዚህ መሠረት ተማሪው የማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ የማክሮ ኢኮኖሚክስ እንዲሁም የሒሳብና የስታቲስቲክስ መሠረታዊ ኮርሶችን በጋራ በተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት በየአገሩ ይከታተላል። ቀጥሎ ከሦስት እስከ አራት ወራት ለሚደርስ ጊዜ ወደ ጋራ ማዕከሉ ተጉዞ የምርጫ ኮርሶችን ይማራል። በመጨረሻም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ የመመረቂያ ጥናቱን ይሠራል። ፈተናዎቹ በውጭ ፈታኞች ጭምር ስለሚታዩ ደረጃው ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ብዙ እንዳይራራቅ ያግዛል። በዚህ ደረጃ በማያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቁ ተማሪዎችም በሌላ አገር ተሳታፊ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መማር እንዲችሉ ታስቧል። መርሐ ግብሩ ሲጀመር የተነደፈው ከናይጄሪያ በስተቀር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሆኑ አገሮች ነው።

የጋራ ማዕከሉ ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ የትምህርት ክፍል 20 የማስተርስ ተማሪዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ከስምንት የምርጫ ኮርሶች ሁለቱን ቢወስድ፣ በአንድ ክፍል በአማካይ አምስት ተማሪ ብቻ ይቀመጣል። ለአምስት ተማሪ የገንዘብ ኢኮኖሚክስ፣ የመንግሥት ፋይናንስ፣ የጤና ኢኮኖሚክስ ወይም የአካባቢ ኢኮኖሚክስ መምህር መቅጠር ለየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ከባድ ነው። ስምንት እንዲህ ያሉ የትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን በአንድ ቦታ ሲያሰባስቡ ግን ክፍሉ 40 ተማሪ ስለሚይዝ ከየትም አገር ጥሩ መምህር ቢጋበዝ ወጪው አያስቆጭም።

ከዚህ ሌላ በገንዘብ የማይተመን ጥቅምም አለው። የአዲስ አበባው ምሩቅ ከጋናው፣ ከማላዊው፣ ከቦትስዋናውና ከታንዛንያው አቻው ጋር በአንድ ክፍል ይማራል። አንዱ በአልማዝ ገቢ የሚተዳደር በጀት፣ ሌላው በትምባሆ ወይም በቡና ኤክስፖርት ላይ የተመሠረተ የውጭ ምንዛሪ ገቢ ያላት አገር ልምድ ይዞ ስለሚመጣ ውይይቱ ከመማሪያ መጽሐፉ አልፎ ይሄዳል። በኋላ በየአገራቸው ማዕከላዊ ባንክና ገንዘብ ሚኒስቴር ሲቀመጡ የሚደዋወሉት እነዚሁ የክፍል ጓደኞች ናቸው።

ኮንሶርቲየሙን የመሩት ሰዎች ታሪክ በምርምርና በመንግሥት ሥራ መካከል ያለውን ቅርበት ያሳያል። በ1990ዎቹ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ቤኖ ንዱሉ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2018 የታንዛንያ ባንክ ገዥ ሆነው አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበሩት ንጁጉና ንዱንጉ ደግሞ በ2018 ኮንሶርቲየሙን መምራት ከጀመሩ በኋላ በ2022 የአገራቸው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። በመካከሉ ከ2013 እስከ 2018 ተቋሙን በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ምሁር የሆኑት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ለማ ሰንበት ናቸው።

የዶክትሬት መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሯል። በ2005 ደግሞ የግብርና ኢኮኖሚክስ የጋራ ማስተርስ ተከትሏል፤ የዚህኛው የጋራ ማስተማሪያ በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ በዚህም ሆነ በሌላ ማንኛውም ጠንካራ የኢኮኖሚክስ ድህረ ምረቃ ፕሮግራም አመልካቾችን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ሒሳብ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ስድስትና ሰባት ዓመት ያለፈው የመንግሥት ሠራተኛ ስለ በጀት አዘገጃጀት ወይም ስለ ግብር አሰባሰብ ከመምህሩ የተሻለ ሊያውቅ ይችላል። ሆኖም የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ስለ በጀት አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ስለ ዴሪቬቲቭ፣ ስለ ማትሪክስ፣ በውስን ሀብት ከፍተኛውን ጥቅም ለማግኘት ስለሚያገለግለው የላግራንዥ ዘዴ ነው። በስታቲስቲክስ በኩልም የፕሮባቢሊቲ ሥርጭቶችን፣ መላ ምትን የመፈተሽ ሥርዓትንና ሪግሬሽንን አስቀድሞ መከለስ ያስፈልጋል። ይህን ከማመልከቻው በፊት ባሉት ወራት፣ በየምሽቱ ጥያቄ እየሠሩ እንጂ መጽሐፍ እያነበቡ ብቻ ማዘጋጀት አይቻልም። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛን ለትምህርት ሲመርጡ የአገልግሎት ዘመንን ብቻ ሳይሆን ይህን ዝግጅት ጭምር ቢመለከቱ መልካም ነው። ሳይዘጋጅ የተላከ ሠራተኛ ትምህርቱን አቋርጦ ቢመለስ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛውም ይጎዳሉ።

በመረጃ ትንተና ሶፍትዌር መለማመድም ጠቃሚ ነው። ስታታ የተባለው ፕሮግራም በክፍያ የሚገኝ ሲሆን አር ግን በነፃ ይገኛል። ለልምምድ የሚሆን የአገር ውስጥ መረጃም አይጠፋም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በአሁኑ አጠራሩ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው የቤተሰቦች የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። ተመሳሳይ ቤተሰቦችን በተለያዩ ዓመታት ስለሚከታተል ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለመምረጥም ያገለግላል።

በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ለመማር የሚፈልግ አመልካች ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴር የተዘረጋውን ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክት ደግሞ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናና፣ እንደ ዩኒቨርሲቲው መስፈርት፣ ጂ.አር.ኢ. ሊጠየቅ ይችላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ አመልካቹ በመጀመሪያ ሊያስባቸው የሚገባው የሒሳብና የምርምር ችሎታውን የሚያውቁትን መምህራን ነው፤ የመሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ የሚሰጠው ደብዳቤ የሥራ ጠባይን ቢመሰክርም የመምህሩን ቦታ አይተካም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በአብዛኛው ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ተቋም የሚላክ በመሆኑና የወጪ መጋራት ጉዳይ ያላለቀለት ምሩቅም አስቀድሞ ማጠናቀቅ ያለበት ሥርዓት ስለሚኖር፣ ይህን ከማመልከቻው የመጨረሻ ቀን በርካታ ሳምንታት ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።