ሙናር፣ የሦስት ወንዞች አገር

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሻይ ነው። ሻይ የማያውቅ ሰው የለም። ማን እንደሚለቅመው ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

በደቡብ ህንድ፣ ኬረላ በሚባለው ግዛት፣ ሙናር የምትባል የደጋ ከተማ አለች። ከፍታዋ 1600 ሜትር ገደማ ነው። ሙናር ማለት በአገሬው ቋንቋ «ሦስት ወንዝ» ማለት ነው፤ ሦስት ወንዞች እዚያ ይገናኛሉ። ቆላው በሐሩር ሲቃጠል ሙናር ጉም ለብሳ ትውላለች።

ከጥንት በዚያ ተራራ ይኖሩ የነበሩት ሙትዋን የሚባሉ የደን ሰዎች ናቸው። በ1877 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቡት) ጆን መንሮ የሚባል ሰው ሰፊውን ተራራ ከፑንጃር ባላባት በኪራይ ያዘ። ሙትዋኖቹን ማን አማከራቸው? መልሱን እናንተው ገምቱት። መጀመሪያ ቡና ተከሉ፤ የወባ መድኃኒት የሚወጣበትንም ዛፍ ሞከሩ። ከ1880 ገደማ ጀምሮ ሻይ ገባ፤ ቀስ በቀስም ተራራውን ሁሉ ወረሰው።

ሠራተኞቹ የመጡት ከደረቁ የታሚል ቆላ ነው። መልማዩ መንደር ለመንደር እየዞረ ገንዘብ በቅድሚያ ያበድራቸዋል፤ እነሱም ብድሩን በጉልበታቸው ይከፍላሉ። ተደርድረው በተሠሩ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ሰፈሩ። ሻዩን የሚያጓጉዝ ትንሽ ባቡርም በ1908 ተዘረጋ። በ1924 ክረምት ግን የጣለው ዶፍ ሐዲዱን ጠራርጎ ወሰደው። ባቡሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ለቀማው እንሂድ። የሻይ ተክል ቢተዉት ዛፍ ይሆናል፤ እየከረከሙ ግን ወገብ ላይ ያስቀሩታል። የሚለቀመው ከጫፉ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እንቡጥ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ከዚያ በእሳት ይደርቃል። አብዛኞቹ ለቃሚዎች ሴቶች ናቸው። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዝናቡም አያባራም።

ወደ ደቡብ ዘለቅ ስንል ደግሞ ሄል በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። አዎ፣ ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ሄል! የኛ ኮረሪማ የሱ ዘመድ ነው፤ ዝንጅብልና እርድም እንዲሁ። ቁንዶ በርበሬም በዚያ አገር ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ያድጋል።

በ2015 የሆነውን ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ለቃሚዎቹ ሴቶች በቀን የሚከፈላቸው 232 ሩፒ ነበር። በየዓመቱ ጉርሻ፣ ማለትም ቦነስ፣ ያገኙ ነበር። ከመቶ 20 የነበረው በዚያ ዓመት ወደ ከመቶ 10 ወረደ። ሒሳቡን ሥሩት፤ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ሙናር ወረዱ፤ መንገዱንም ዘጉ። የማኅበር መሪ ነን እያሉ የመጡትን ወንዶች «ተመለሱ!» አሏቸው። ስማቸውን ፔምቢላይ ኦሩማይ አሉ፤ የሴቶች አንድነት ማለት ነው። እናቶች፣ አያቶች፣ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አደባባይ ወጥተው የማያውቁ፣ ዘጠኝ ቀን አስፋልት ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ከመቶ 20 ተፈቀደላቸው። የቀን ደመወዙም ከወር በኋላ 301 ሩፒ ሆነ። የጠየቁት 500 ስለነበር ደስታቸው ሙሉ አልነበረም።

ቤታቸው ግን ያው የተደረደረው ጠባብ ቤት ነው። በ2020 ክረምት ፔቲሙዲ በሚባለው ስፍራ ሌሊት ተራራው ተንዶ በሠራተኞቹ ቤቶች ላይ ወረደ። ሰዎቹ ተኝተው ነበር። 70 ሰው ሞተ፤ ከነዚህ ውስጥ ሬሳቸው ያልተገኘም አሉ።