የጦር መሣሪያ ባለቤቶች የግል መረጃ ጥበቃ
በአሜሪካ የመሣሪያ ባለፈቃዶች ስምና አድራሻ ለሕዝብ እንዳይገለጥ የሚከለክሉ ወይም የሚገድቡ ሕጎች የወል መጠሪያ ነው። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ሕግ ማዕከላዊው መንግሥት የባለቤቶች መዝገብ እንዳያቋቁም ቢከለክልም፣ የክፍለ ግዛቶችን የፈቃድ መዛግብት አልነካም። ክፍተቱ ጎልቶ የታየው በኒውዮርክ ሲሆን፣ በዚያ የሽጉጥ ባለፈቃዶች ስምና አድራሻ ማንም ጠይቆ የሚያገኘው ሰነድ ስለነበር፣ ጆርናል ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ጭፍጨፋ በኋላ፣ በዲሴምበር 2012፣ የሁለት አውራጃዎችን ባለፈቃዶች ከነመኖሪያቸው በካርታ አውጥቶ ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሰ። በጃንዋሪ 2013 የጸደቀውና ሴፍ አክት የተባለው ሕግ፣ የመሣሪያ ቁጥጥርን ለማጥበቅ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ባለፈቃዱ ለደኅንነቱ የሚሰጋበትን ምክንያት፣ ለምሳሌ ፖሊስነትን ወይም የወንጀል ምስክርነትን ጠቅሶ፣ ስሙ እንዳይገለጥ እንዲያመለክት ፈቀደ። ጋዜጣው ካርታውን በዚያው ወር አነሳ።