ፉከራ የሌለው አደን

የፈረንጆቹ ኖቬምበር ወር ነው። ከዋሺንግተን ከተማ ወደ ምዕራብ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ጎሕ ገና አልቀደደም። በአንድ ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ አንድ ሰው ከዛፍ ግንድ ጋር ባሰራት ጠባብ ማማ ላይ ተቀምጧል። ወገቡ በጠፍር ታስሯል። በግራው በኩል የመኖሪያ ቤቶች መብራት ይታየዋል፤ በቀኙ የአውራ ጎዳናው ጩኸት ይሰማዋል። ጥቂት ቆይቶ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ያልፋል። ሰውየው ጭኑ ላይ ያጋደመው ደጋን ነው። የሰፈሩ ሰው ቡናውን ሲያፈላ እሱ አጋዘን ይጠብቃል።

ይህ ሰው ሌባ አዳኝ አይደለም። የግዛቱ የአደን ፈቃድ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ፍላጻውን ካነጣጠረበት እንደማያስት በፈተና አስመስክሯል፤ የሚያድንበትንም ጫካ የመደበለት ካውንቲው ራሱ ነው። ያም ሆኖ ማንም እንዳያየው ይጠነቀቃል። በአገራችን የቀድሞ ልማድ አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ጥይት እየተተኮሰለት፣ እየተፎከረለትና እየተሸለለለት ወደ መንደሩ ይገባ ነበር። የፌርፋክሱ አዳኝ ግን ግዳዩን በሸራ ሸፍኖ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይወጣል።

ለመሆኑ በጦር መሣሪያ ብዛት ዓለምን የሚመራ አገር፣ በዋና ከተማው ደጃፍ፣ ወደ ደጋንና ፍላጻ እንዴት ተመለሰ? አዳኙስ ስለምን ዝምታን መረጠ? መልሱን ለማግኘት ራቅ ወዳለ ዘመን መመለስ ግድ ይላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን በስሙ እንስማማ። እኛ አጋዘን የምንለው የቆላው ባለ ጥምዝ ቀንድ አውሬ አንድ ጊዜ ያበቀለውን ቀንድ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። የአሜሪካው ወንድ ግን በየዓመቱ ክረምት ላይ ቀንዱን ጥሎ በጸደይ እንደገና ያበቅላል፤ ሴቲቱ ጭራሹን ቀንድ የላትም። የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነ የዱር እንስሳ በአፍሪካ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሌላ ቃል ቢያጡ አጋዘን ብለውታል፤ እኛም እንዲሁ እንበለው። ሲደነግጥ ጅራቱን አቁሞ ነጭ የውስጥ ጠጉሩን እንደ ባንዲራ ስለሚያሳይ እነሱ "ነጭ ጅራት" ይሉታል።

አውሮፓውያን ሰፋሪዎች አሜሪካ ሲደርሱ ይህ እንስሳ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠር ነበር። በአገራቸው በእንግሊዝ የጫካው አጋዘን የንጉሡና የመኳንንቱ ሀብት ነበርና ደሃ ቢገድለው ይቀጣ ነበር። በአዲሱ ምድር ግን ከልካይ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአጋዘን ቆዳ በመቶ ሺህዎች እየተቆጠረ ወደ አውሮፓ ተጫነ። ቆዳው ራሱ እንደ ገንዘብ መገበያያ ሆነ፤ ዛሬ አሜሪካዊ ዶላርን "ባክ" ብሎ ሲጠራ የወንዱን አጋዘን ስም እየጠራ ነው፤ ቃሉ ከዚያ ንግድ እንደመጣ ይነገራል። ቀጥሎ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ ፈጣን ጠመንጃ ተሠራ፣ ሥጋውን በገፍ ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡ ነጋዴ አዳኞች ተነሡ። በ1900 ገደማ በመላው አገሪቱ የቀረው አጋዘን ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመታል።

ያኔ ሕግ ደረሰ። በዚያው በ1900 ከአዮዋ በተመረጡት የምክር ቤት አባል በጆን ሌሲ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣና፣ የግዛቶችን ሕግ ጥሶ የተገደለ አውሬ ከግዛት ወደ ግዛት ተጓጉዞ እንዳይሸጥ ከለከለ። ግዛቶቹም በየፊናቸው የዱር ሥጋ ሽያጭን አገዱ፣ የአደን ወራትን ወሰኑ፣ ፈቃድ መስጠት ጀመሩ። ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ ትልቅ ሐሳብ ነበረ፤ የዱር እንስሳ የንጉሥም የባለ መሬትም አይደለም፤ መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የሚጠብቀው ነው። ዛሬ አንድ የፌርፋክስ ነዋሪ ጓሮው ገብቶ ጽጌረዳውን የሚበላውን አጋዘን እንደፈለገ መግደል የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። መሬቱ የእሱ ቢሆንም አጋዘኑ የእሱ አይደለም።

ደጋኑ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። በኦገስት 1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ፣ በአንድ ቄራ አጥር ግቢ፣ አንድ የተራበ ሰው ተገኘ። ያሂ የሚባለው የአገሬው ነገድ በሰፋሪዎች ጠመንጃ ሲያልቅ የተረፈ የመጨረሻው ሰው ነበር። በወገኖቹ ባህል ሰው የገዛ ስሙን አይናገርምና ተመራማሪው አልፍሬድ ክሮበር "ኢሺ" አሉት፤ በቋንቋው "ሰው" ማለት ነው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ኖረ። የዩኒቨርሲቲው ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሳክስተን ፖፕ ሲያክሙት ወዳጅ ሆኑትና ደጋን አጠራረብን፣ ፍላጻ አሠራርን፣ አውሬ ሳይሰማ መቅረብን ከእሱ ተማሩ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ የተማሩትን በ1923 በመጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉም የዘመናዊው የቀስት አደን መነሻ ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይሳለቃል። ወገኖቹ በጠመንጃ ያለቁበት ሰው፣ የገዳዮቹን ልጆች ያለ ጠመንጃ ማደንን አስተማረ።

በ1934 የዊስኮንሲን ግዛት በሁለት ካውንቲዎች አጋዘን በቀስት ብቻ የሚታደንበትን ወቅት ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ሌሎች ግዛቶች ተከተሉ። በ1937 የወጣው ፒትማን ሮበርትሰን የተባለው ሕግ ደግሞ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ፤ በ1970ዎቹ የቀስት ዕቃዎችም በዚሁ ታክስ ውስጥ ገቡ። አዳኙ ለሚያድነው እንስሳ ጥበቃ ከኪሱ ይከፍል ጀመር ማለት ነው። ከዚያም ሆሊስ አለን የሚባሉ የሚዙሪ ሰው በደጋን ጫፎች ላይ መዘውር ገጥመው በ1969 የፈጠራ መብት አገኙ። አዲሱ ደጋን ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ክብደቱ በእጅጉ ስለሚቀልለት አዳኙ ሳይንቀጠቀጥ አነጣጥሮ ይቆያል። የጥቂት ጽኑዓን ጥበብ የነበረው የቀስት አደን በዚህ ምክንያት የብዙኃን ሆነ።

አጋዘኑስ ምን ሆነ? ሕጉ ከተጠበቀው በላይ ሠራ። በ1930ዎቹ መግቢያ በመላው ቨርጂኒያ 25,000 ያህል ብቻ ይገመት የነበረው አጋዘን ዛሬ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠግቷል። ሲመለስ ግን ጠላቶቹ አልነበሩም፤ ተኩላውም የተራራው አንበሳም ከአካባቢው ጠፍተዋል። ራሳቸው በቀስት ያድኑ የነበሩት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አልዶ ሊዮፖልድ፣ ተኩላን ማጥፋት አጋዘንን መጥቀም ይመስላቸው እንደነበርና በኋላ እንደተጸጸቱ ጽፈዋል፤ መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1949 ነው። ተኩላ የሌለበት ተራራ በአጋዘን ጥርስ ይራቆታል።

በዚያው ዘመን ሰውም ከከተማ ወደ ዳርቻው ይፈልስ ነበር። በ1950 ከ100,000 ያነሰ ሕዝብ የነበረው ፌርፋክስ በ2020 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ተቆጠረበት። ጫካው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በየወንዙ ዳር፣ በየመናፈሻው፣ በየቤቱ ጀርባ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ቀረ። አጋዘን ደግሞ የሚወደው ጥቅጥቅ ያለውን ደን ሳይሆን የጫካና የመስክ ድንበር የሆነውን ጠርዝ ነው። የከተማ ዳርቻ ማለት እንግዲህ ማብቂያ የሌለው ጠርዝ ነው፤ ቀን መሸሸጊያ፣ ሌሊት ውኃ የጠጣ አትክልት፣ ጠመንጃም የማይተኮስበት። የጎለመሰች ሴት አጋዘን በዓመት ብዙውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። የካውንቲው ባለሙያዎች አካባቢው በአንድ ካሬ ማይል ከ15 እስከ 20 አጋዘን ሊሸከም እንደሚችል ሲናገሩ፣ በአንዳንድ መናፈሻዎች ግን እስከ 100 የሚደርስ ተገኝቷል።

ዋጋው በሰው ላይም ይታያል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኮነቲከት ግዛት በላይም ከተማ አካባቢ የታወቀውና በከተማይቱ ስም የተጠራው በሽታ በመዥገር ይተላለፋል፤ የጎለመሰችው መዥገር ደም የምትመጠው በአብዛኛው ከአጋዘን ነው። በመላው አሜሪካ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪናዎች ከአጋዘን ጋር እንደሚጋጩና 200 ያህል ሰዎች በዚሁ እንደሚሞቱ ይገመታል። በሰሜን ቨርጂኒያ በሌሊት ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አኃዝ አያስፈልገውም። በ1997 በፌርፋክስ አንዲት ነዋሪ በእንዲህ ያለ ግጭት ሞተች፤ በተከታዩ ዓመት ካውንቲው የአጋዘን ቁጥር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጀመረ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ቀስተኞችን ወደ መናፈሻዎቹ አስገባ።

ስለምን ቀስት? የጠመንጃ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ፍላጻ ግን የሚወረወረው ከ20 ወይም ከ30 ሜትር ነው። አዳኙ ማማ ላይ ስለሆነ ወደ ታች ያነጣጥራል፤ ቢስት ፍላጻው አፈር ላይ ይተከላል። በእኛ አገር ማማ ላይ የሚወጣው ወንጭፉን ይዞ እህሉን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ነው፤ እዚያም ማማው በአንድ በኩል የአዳኙ መደበቂያ፣ በሌላ በኩል የመንደሩ መጠበቂያ ሆኗል። ግዛቱ የአደን አደጋዎችን መመዝገብ ከጀመረበት ከ1959 ወዲህ በአጋዘን ቀስተኛ የተጎዳ አላፊ አግዳሚ እንደሌለ ካውንቲው ደጋግሞ ይገልጻል።

ፍላጻው ግን እንደ መብረቅ አይጥልም። የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው፤ በደንብ የተመታ አጋዘን እንኳ መቶ ሜትር ያህል ሮጦ ሊወድቅ ይችላል። ጥብቅ በሆነ ሰፈር መቶ ሜትር ማለት የሦስት ሰው ጓሮ ነው። የዳርቻው አዳኝ ጨዋነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አስተዋይ ቀስተኛ ከአደኑ በፊት የጎረቤቶቹን በር አንኳኩቶ ይተዋወቃል፤ አጋዘን ተከትሎ አጥራቸውን መሻገር ቢያስፈልገው አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥርጥር ካለው አይወረውርም። ደም የነካ ልብሱን ለብሶ ነዳጅ ማደያ አይቆምም። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለው ብሂላችን ለእሱ የተነገረ ይመስላል፤ አንድ ግድ የለሽ አዳኝ የሚያስነሣው ቁጣ ጫካውን ለሁሉም ሊያዘጋው ይችላልና።

ተቃዋሚዎች አሉ፤ የሚያነሡትም ነገር ቀላል አይደለም። ፍላጻ ተሰክቶበት በሕይወት በየሰፈሩ የሚዞር አጋዘን መታየቱ ሐሰት አይደለም፤ ያንን በመስኮቱ ያየ ሕፃን አይረሳውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። በሜሪላንድ ጌዘርስበርግ በሚገኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰፊ የታጠረ ግቢ ውስጥ በ1990ዎቹ ለሴት አጋዘኖች የወሊድ መከላከያ መርፌ ተሞከረ። ከካውንቲው የተለየ አስተዳደር ያላት የፌርፋክስ ከተማም በ2014 አጋዘኖችን እየያዘች በቀዶ ሕክምና ማምከን ጀመረች። ዘዴው በታጠረ ቦታ ይረዳል፤ አጥር በሌለበት ግን ከጎረቤት ጫካ አዲስ ይገባል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ደግሞም የመከነ አጋዘን ዕድሜውን ሁሉ መብላቱንና መንገድ ማቋረጡን አይተውም።

ሕጉም በሁለቱ ወገኖች መካከል ሚዛን ይፈልጋል። በቨርጂኒያ እሑድ ማደን ለብዙ ዘመን የተከለከለ ነበር። ክልከላው በ2014 ለግል መሬት፣ በ2022 ለሕዝብ መሬት ላላ፤ ይሁንና እሑድ ከጸሎት ቤት በ200 ያርድ፣ ማለትም በ180 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ ማደን አይቻልም። በዚያ አካባቢ ካሉት የጸሎት ቤቶች የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትም ይገኙበታል፤ ከቅዳሴ የሚወጣው ምእመን ሳያውቀው ይህ ሕግ ይጠብቀዋል።

ሥጋውስ? የዱር ሥጋ አይሸጥም፤ ያ የመቶ ዓመት ክልከላ ዛሬም ጸንቷል። አዳኙ ወይ ከቤተሰቡ ጋር ይበላዋል ወይ ይሰጣል። ከ1991 ጀምሮ በቨርጂኒያ የሚሠራው "ሃንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ" የተባለ ድርጅት የተለገሰውን የአጋዘን ሥጋ አስበልቶ ለችግረኞች ማዕድ ያደርሳል። ኦሪት ዘዳግም እንዲህ ያሉ እንስሳትን ከሚበሉት ቢቆጥራቸውም፣ ባርኮ ያላረደው እጅ የገደለውን የማይቀምስ ወገን በመካከላችን ብዙ ነው፤ በዚህ የሚስቅ ፈረንጅ ቢኖር እሱም ከዘጠኝ ወር በፊት በማያውቀው ቦታ ታርዶ በላስቲክ የታሸገውን ሳይጠይቅ እንደሚበላ ያስታውስ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት ይህን ነው። ሰው ተኩላውን ሲያባርር የተኩላውን ሥራም ወርሷል፤ ከሥራው ጋር ደግሞ ሞትን ማየት መጥቷል። ከተሜ አጋዘን እንዳይበዛበት ይፈልጋል፣ ሲሞት ግን ማየት አይወድም። ማማው ላይ ያለው ሰው ይህን የሁሉንም ዕዳ ለብቻው ይሸከማል። ዝምታው ወንጀልን መሸሸግ ሳይሆን ለጎረቤቱ ዐይን የሚከፍለው ግብር ነው። ነገር ግን ዝምታው ሁለት ስለት አለው፤ የማያየውን ሞት ሕዝብ እንደሌለ ይቆጥረዋልና። የቀድሞው ፉከራ ትምክህት ቢሆንም፣ ቢያንስ አንድ ነፍስ መጥፋቷን መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ያደርግ ነበር።

ፀሐይ ወጥታለች። ከማማው ሥር አንዲት ሴት አጋዘን ወድቃለች። አዳኙ ወርዶ፣ የሆድ ዕቃዋን አውጥቶ፣ በሸራ ሸፍኖ እየጎተተ ወደ መኪናው ያደርሳታል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ያስመዘግባል፤ ሕጉ ያዛልና። ቀኑን፣ ካውንቲውን፣ ጾታዋን ይናገራል፤ ማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ፉከራው ያ ነው።