ነጻውን ሶፍትዌር ማን ከፈለለት? ከበርክሌይ እስከ ጄኔቫ የሰርኪት ንድፍ ታሪክ



ዛሬ ብዙ ስለማይወራለት አንድ ታሪክ እንጨዋወት። በእጃችሁ ያለውን ስልክ ወይም የቤታችሁን ራውተር ብትከፍቱት ውስጡ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። በሰሌዳው ላይ እንደ ጉንዳን መንገድ የተዘረጉት የመዳብ መስመሮች በእጅ የተሳሉ አይደሉም። አንድ መሐንዲስ በኮምፒውተር ነድፏቸው፣ ፋይሉ ፋብሪካ ተልኮ የተሠሩ ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ጠንከር ያለው ዝርያ ለረጅም ጊዜ ውድ ነበር። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠየቅበት አለ። ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣት እንዲህ ያለ ዋጋ ሲገጥመው ወይ ይተወዋል፣ ወይ «ክራክ» የተደረገውን ይጭናል። ዛሬ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ማንም በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ክፍያ አውርዶ የሚሠራበት ኪካድ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ይህ መንገድ ግን በራሱ አልተከፈተም። ማን ከፈተው? ወጪውንስ ማን ቻለው? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

▪ የበርክሌይ መምህር ውሳኔ

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ትራንዚስተር በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ መሥራት ተጀመረ። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ ወደ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። ይህን ያህል ነገር ሠርቶ ካበቁ በኋላ ስህተት ማግኘት ከባድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሰርኪቱ ከመሠራቱ በፊት ባሕርዩን በኮምፒውተር አስልቶ የሚያሳይ ፕሮግራም አስፈለገ።

በርክሌይ ውስጥ ፕሮፌሰር ሮን ሮረርና ተማሪዎቹ «ካንሰር» የሚል እንግዳ ስም ያለው ፕሮግራም ሠሩ። ስሙ ምህጻረ ቃል ሲሆን መጨረሻው «ጨረራን ሳይጨምር» ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከአሜሪካ መከላከያ ጋር በሚደረግ ውል ነበር፤ ውሉም ሰርኪቱ ጨረራን መቋቋሙን እንዲፈትሹ ያስገድድ ነበር። በርክሌዮች በስሙ «የኛ ከዚያ የለበትም» ማለታቸው ነበር።

ሮረር ከዩኒቨርሲቲው ሲለቅ ላሪ ኔግል የተባለው ተማሪ ወደ ፕሮፌሰር ዶናልድ ፔደርሰን ዞረ። ፔደርሰን አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለ፦ ካንሰር የባለቤትነት ገደብ አለበትና ገደቡ እስኪነሳ ድረስ እንደገና ይጻፍ፣ ከዚያም ለሕዝብ ይለቀቅ። ተጻፈ። በ1973 «ስፓይስ» በሚል ስም ለዓለም ቀረበ።

ውጤቱ ትልቅ ነበር። ተማሪዎቹ ተመርቀው ወደየኩባንያው ሲገቡ ስፓይስን ይዘው ገቡ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ወሰዱት፣ አረሙት፣ አሻሻሉት። ዛሬም የሰርኪት ማስመሰያ ሲባል መሐንዲሶች «ስፓይስ» ይላሉ።

ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ኮዱ ያለ ገደብ ስለተለቀቀ የፈለገ ኩባንያ ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ ዘግቶ መሸጥ ይችላል። ብዙዎች እንዲሁ አደረጉ፤ ሕጋዊም ነበር። ሆኖም በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ የተዘራው ዘር ፍሬው በከፊል ከአጥር ውስጥ ቀረ።

▪ ግሬኖብል፣ 1992

ሁለተኛው ምዕራፍ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በግሬኖብል ከተማ ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ መምህር በ1992 ሰርኪት መንደፊያ ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ። ስሙን ኪካድ አለው። ብዙ ባለሙያ ያሰማራ ኩባንያ አልነበረውም፤ በአንድ ሰው ትጋት የተጀመረ ሥራ ነው።

ኪካድ የተለቀቀበት ፈቃድ ከስፓይስ ይለያል። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ እንዲህ ይላል፦ ውሰድ፣ ተጠቀም፣ ቀይር፣ ብትፈልግ ሽጥ፤ የቀየርከውን ለሌላ ስታስተላልፍ ግን ኮዱንም በዚያው ነጻነት አብረህ ስጥ። ወቅፍን ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይከብደውም። ዋናው ተዘግቶ የግል አይሆንም፣ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ይፈሳል።

ለብዙ ዓመታት ኪካድ ያደገው ቀስ ብሎ ነው። ለተማሪና ለትርፍ ጊዜ ሠሪ ይበቃ ነበር፤ ፈጣን ምልክት የሚያስተላልፍ ውስብስብ ሰሌዳ ለሚነድፍ መሐንዲስ ግን ይጎድለው ነበር።

▪ ሰርን ለምን ገባበት?

ሰርን በ1954 የተመሠረተ፣ ጄኔቫ አጠገብ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ነው። ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ቀለበት ውስጥ ቅንጣቶችን በብርሃን ፍጥነት አፋፍ ያጋጫል። ድረ-ገጽ የሚባለው ነገር የተወለደውም እዚያው ነው፤ ሰርን የዌብን ሶፍትዌር በኤፕሪል 30፣ 1993 ለሕዝብ በነጻ ለቀቀ።

እንዲህ ያለ ማሽን በሱቅ የማይገኙ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ይፈልጋል። የሰርን መሐንዲሶች ራሳቸው ይነድፏቸዋል። በ2009 ንድፎቻቸውን ለሁሉም የሚያጋሩበት የኦፕን ሃርድዌር ማከማቻ ከፈቱ፤ በ2011 ደግሞ ለሃርድዌር ንድፍ የሚሆን የራሳቸውን የፈቃድ ሰነድ አወጡ።

የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ «ዋይት ራቢት» የተባለው ሥራ ነው። ኪሎ ሜትሮች የሚራራቁ መሣሪያዎችን ሰዓት ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ያስተካክላል። ንድፉ ክፍት ስለሆነ የተለያዩ ኩባንያዎች አምርተው ይሸጡታል፣ ሌሎች ላቦራቶሪዎችም ይጠቀሙበታል። አጠቃላይ ሐሳቡ ከዓለም አቀፍ የሰዓት ማስተካከያ ደረጃዎች አንዱ ውስጥ ገብቷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተነሳ። ንድፉን ለዓለም ክፍት አድርገናል እንላለን፤ ፋይሉ ግን የሚከፈተው ውድ በሆነ የንግድ ሶፍትዌር ነው። ታዲያ ማን ተጋራን? ደብተሩን ሰጥቶ መነጽሩን የመሸጥ ያህል ነው። መሐንዲሶቹ ያሉትን ነጻ ሶፍትዌሮች መርምረው ኪካድን መረጡ። አዲስ ከመጀመር የተጀመረውን ማጠናከር ይሻላል አሉ።

▪ ድጋፉ ምን ይመስል ነበር?

ከ2013 ጀምሮ ሰርን ለኪካድ የሰጠው ዋና ነገር የሰው ጊዜ ነው። በደመወዝ የተቀጠሩ ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓታቸው ከፍለው ኮድ ጻፉ፤ ተማሪዎችም ተጨመሩ። ሥዕሉን በፍጥነት የሚያሳይ አዲስ መሠረት ሠሩለት። ከሁሉም የታወቀው ግን መስመር መዘርጊያው ነው። ቀድሞ አንድ የመዳብ መስመር ለማሳለፍ በመንገዱ ያሉትን አንድ በአንድ ማንሳት ያስፈልግ ነበር። አሁን አዲሱን መስመር ስትጎትቱት የነበሩት ርቀታቸውን ጠብቀው ራሳቸው ይገፋሉ። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ቦታ እንደሚገኘው ማለት ነው።

ይህ ሥራ ከ2015 መጨረሻ በወጣው አራተኛው እትም ሁሉም እጅ ገባ። በ2018 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ሰርኪትን በኮምፒውተር የመፈተሽ አቅም ጨመረ። ለዚህ የተጠቀሙበት ሞተር «ኤንጂስፓይስ» ይባላል፤ የዘር ሐረጉ በቀጥታ ወደ በርክሌዩ ስፓይስ ይደርሳል። ፔደርሰን «ለሕዝብ ይለቀቅ» ያለው ሥራ ከ45 ዓመት በኋላ በጄኔቫ ድጋፍ ከግሬኖብሉ ሥራ ጋር ተገናኘ።

ሁለተኛው ድጋፍ ገንዘብ መሰብሰቢያ መንገድ ነው። ተጠቃሚዎችና ድርጅቶች የሚሰጡት መዋጮ ከሰርን ጋር በተያያዘ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን በኩል ያልፍ ነበር። በ2019 ኪካድ ወደ ሊነክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ገባ። ይህም ትልቅ እርምጃ ነው፤ በአንድ ተቋም በጀት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ ያ በጀት የታጠፈ ዕለት ይወድቃልና።

መንግሥታትም ዘግየት ብለው መጥተዋል። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ክንፍ ዳርፓ በ2018 ኦፕንሮድ ለተባለ፣ በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሚመራ የቺፕ ንድፍ ሶፍትዌር ገንዘብ መድቧል። በካንሰር ዘመን ተማሪዎች በስም የሸሹት መሥሪያ ቤት ለኦፕን ሶርስ ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

▪ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ «ነጻ» ማለት «ማንም አልከፈለበትም» ማለት አይደለም። የመምህር ደመወዝ፣ የተማሪ ሌሊት፣ የአውሮፓ ግብር ከፋይ ገንዘብ አለበት። ጉድጓድ አንዴ ቢቆፈርም ገመዱን የሚቀይር፣ አፉን የሚጠርግ ሰው ካልተመደበለት ይደፈናል።

ሁለተኛ፣ መስጠት ብቻውን አይበቃም፣ የተሰጠው እንዳይታጠር ውሉ አስቀድሞ ይታሰብበት። በስፓይስና በኪካድ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያሳያል።

ሦስተኛው በቀጥታ ለናንተ ነው። በክራክ ሶፍትዌር የተማረ ልጅ ችሎታ ቢኖረውም ሥራ ሲጀምር በስሙ ደረሰኝ ሊያቀርብበት፣ ለደንበኛ በግልጽ ሊያሳየው አይችልም፤ ቫይረስም አብሮት ሊገባ ይችላል። የሰው ሐቅም አለበት። ሕጋዊው መንገድ ባልነበረበት ዘመን ምክንያት ይደረደር ይሆናል። ዛሬ ግን የሰርን መሐንዲስ የሠራበትን መሣሪያ እናንተም በላፕቶፓችሁ መጫን ትችላላችሁ።

ስትጠቀሙበትም ተቀባይ ብቻ አትሁኑ። ስህተት ካገኛችሁ አሳውቁ፣ መመሪያ በአማርኛ ጻፉ፣ የጎደለ ኮምፖነንት ካለ ሥዕሉን ሠርታችሁ አካፍሉ። ሻራስም የጀመረው ብቻውን ነው።

ወሏሁ አዕለም። ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ኤሌክትሮኒክስ ለሚማር ወንድም ወይም እህት አካፍሉት።