ከበሮው በዜማ መካከል

ስለ ዜማ ታሪክ ሲወሳ የጋይንቷ ቤተ ልሔም በድጓ ማስመስከሪያነቷ፥ ዙር አምባም በዝማሬና መዋሥዕት ትምህርቷ ትጠቀሳለች፡፡ ከበሮ መቺውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው፡፡ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጉት የሚነገርለት የድጓ ምልክት የድምፁን አወጣጥና አወራረድ ያሳያል፤ የከበሮውን ምት አያሳይም፡፡ ማኅሌት ሲቆም ቃሉ አስቀድሞ በቁም ዜማ ይባላል፤ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ቀጥሎ ከበሮው በመረግድ ረጋ ብሎ ይገባና ወደ ጽፋት ይፈጥናል፡፡ አንዱ ቤት አልቆ ሌላው ሲነሣ ዜማው እንዳይበጠስ መጋጠሚያውን የሚጠብቀው መቺው ነው፤ ከቸኮለ መዘምራኑ ይበተናሉ፥ ከዘገየም ዜማው ይሞታል፡፡ ይህን ዕውቀት የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ገበሬ በሰጠው ቁራሽ ያደረ የቆሎ ተማሪ፥ ከመሪጌታው ጎን ቆሞ ሌሊቱን እያደመጠ፥ በዐይኑና በእጁ ተቀበለው፡፡