የስክሪን ቀረጻ ማስተማሪያ ቪዲዮን ለድረ ገጽ ሥርጭት ማዘጋጀት

የኦንላይን አገልግሎት አጠቃቀምን ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ የስክሪን ቀረጻ ቪዲዮዎች ለተገልጋዮች ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው። ሆኖም ቪዲዮው ድረ ገጽ ላይ ከተጫነ በኋላ ጽሑፉ ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ ተመልካቹ የኢንተርኔት ወጪውን በከንቱ ያባክናል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። «ቡ»፣ «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት በፊደሉ ቀኝ እግር ላይ በምትቀጠል ትንሽ ሰረዝ ወይም ቀለበት ብቻ ነው፤ እርሷ ከተሰወረች ቅጽ የሚሞላው ሰው የሚያየውን በግምት ለመገልበጥ ይገደዳል።

ይህ ማብራሪያ ለማኅበራት፣ ለአሠልጣኞች፣ እንዲሁም ለሌሎች ተገልጋዮች ማሳያ ቪዲዮ ለሚያዘጋጁ ግለሰቦች የቀረበ ነው።

ብዥታው ከየት ይመጣል?

ብዙዎች መፍትሔው የፋይሉን መጠን ማሳደግ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መንስኤው የተቀረጸው ምስል ስፋትና ተዘጋጅቶ የሚወጣው ቪዲዮ ስፋት አለመመሳሰላቸው ነው። ለምሳሌ የበርካታ ላፕቶፖች ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ነው። ይህ ወደ 1280 በ720 ሲጠብ ቀጫጭን መስመሮች በአጎራባች ፒክስሎች ላይ ይበተናሉ። የመልክዓ ምድር ምስል ይህን ይሸሽጋል፤ ፊደል ግን አይሸሽግም። ስለዚህ ከቀረጻ በፊት የስክሪኑን መጠን 1280 በ720 ወይም 1920 በ1080 ማድረግ፣ በመቅረጫ ፕሮግራሙም የመነሻውንና የውጤቱን መጠን አንድ ማድረግ ይገባል። አብዛኛው ተመልካች በስልክ የሚከታተል በመሆኑ የድረ ገጹን ጽሑፍ ከ125 እስከ 150 በመቶ አጉልቶ መቅረጽም ይመከራል።

ቀለምም የራሱ ድርሻ አለው። በተለመደው የቪዲዮ አሠራር የቀለም መረጃ የሚቀመጠው ከብርሃን መረጃው ባነሰ ዝርዝር ነው። በሰማያዊ መደብ ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ጽሑፍ አስተማማኝ ነው።

ቀረጻና ዝግጅት

በነፃ በሚገኘው ኦቢኤስ ስቱዲዮ ሲቀረጽ በኤምኬቪ ፎርማት ማስቀመጥ ይመረጣል፤ መብራት በድንገት ቢጠፋ እስከዚያ ድረስ የተቀረጸው ይተርፋል። በኤምፒ4 እየተቀረጸ ከተቋረጠ ግን ፋይሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል።

ለሥርጭት የሚወጣው ቪዲዮ ኤምፒ4፣ የምስሉ መጭመቂያ ኤች.264፣ ድምፁ ደግሞ ኤኤሲ ይሁን። ኤች.265 ፋይሉን ይበልጥ ቢያሳንስም በሁሉም ስልክና ማሰሻ ላይ አይከፈትም። ይኸው ዝግጅት ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሊከናወን ይችላል። በዚህም የማያቋርጥ ጥራት የሚለውን አማራጭ ከ20 እስከ 22 ማድረግ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ስክሪን በአብዛኛው የማይንቀሳቀስ በመሆኑ በዚህ ስልት ፋይሉ ያለ ጥራት ጉድለት ትንሽ ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሲሆን 375 ሜጋባይት፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ሲሆን 75 ሜጋባይት ይይዛል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከበቂ በላይ ነው።

ለድረ ገጽ የማመቻቸት ምርጫውም መከፈት አለበት። ይህ ምርጫ የፋይሉን ማውጫ ወደ መጀመሪያው ስለሚያመጣ ቪዲዮው ወርዶ ሳያልቅ መታየት ይጀምራል።

የግል መረጃ

የደበዘዘ ቪዲዮ ቢበዛ ጊዜ ያባክናል፤ ጥርት ያለ ቪዲዮ ግን መደበቅ የነበረበትንም አጥርቶ ያሳያል። የፋይዳ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ በአጭር መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ እና የይለፍ ቃል በምንም ሁኔታ መታየት የለባቸውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ ጥበቃ የሚደነግግ በመሆኑ፣ በተለይ የሌላ ሰው ማመልከቻ እየተሞላ የሚቀረጽ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። ከቀረጻ በፊት የመልእክት ማሳወቂያዎችን መዝጋት፣ ቅጹንም በምናባዊ ስምና ቁጥር መሙላት ከሁሉ የተሻለ ነው። አምልጦ የተቀረጸ ቁጥር ቢኖር ማደብዘዝ አያስተማምንም፤ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሳጥን ይሸፈን ወይም ክፍሉ ተቆርጦ ይውጣ።

ቪዲዮው ከመሰራጨቱ በፊት በሞባይል ዳታ፣ በአነስተኛ ስልክ ላይ ተከፍቶ ትንሹ ጽሑፍ መነበቡ ይረጋገጥ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀነስም። የመጀመሪያው የኤምኬቪ ቅጂም አይሰረዝ፤ የአገልግሎቱ ገጽታ ሲለወጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ቀርጾ ለመተካት ያገለግላል።